ከባንኮኒው ማዶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዝናብ። እንደ ትናንቱ። ጠዋት ባንኮኒውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ወለወልኩ። ነጩ ጥድ አሁንም እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል። ሹንሳኩ ከዓሣ ገበያ ተመልሶ «አንቺ፣ በረዶ» አለኝ። በረዶ ሰጠሁት። «አንቺ፣ ሩዝ» አለኝ። ደርሷል አልኩት። የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነበር። ባሌ ነው እንግዲህ። ካናዛዋ ከተማ ሁሉ «ሼፍ» ይለዋል፤ እኔም እንግዳ ፊት ሼፍ ነው የምለው። ብቻችንን ስንሆን ምን እንደምለው... እንጃ። ብዙም አልጠራውም።

ከሰዓት ሆቴሉ ደወለ። ለነገ ማታ አንዲት ፈረንጅ፣ ብቻዋን። ከስምንቱ ወንበሮች የአንዱ ቀጠሮ ተሰርዞ ነበር።

«ባዶ ከሚሆን ትምጣ» አለ ሹንሳኩ። ባዶ ወንበር አይወድም። ዓሣው ተመርጦ፣ ተገዝቶ፣ ተዘጋጅቶ የሚበላው ሰው ሲቀር ያመዋል። ቀጠሮ ይዞ የቀረ ሰው ዳግም እዚህ ቤት አይገባም፤ ሚኒስትርም ቢሆን።

እኔ ግን ፈረንጅ ይመጣል ሲባል ስጋት ይይዘኛል። ክፋት የለባቸውም፣ አውቃለሁ። ግን በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ጫማው፣ ካፖርቱ፣ ጃንጥላው... ከሁሉ በላይ ሽቶው። ሽቶ ከገባ ዓሣው አለቀለት፤ ስምንቱም እንግዳ ሽቶ ሲበላ ያመሻል። እኔ ቀድሜ አሸትቼ፣ ሳላሳፍር፣ እጅና አንገት መታጠቢያውን አሳያለሁ። የዚህ ቤት ዘበኛ የኔ አፍንጫ ነው። ማንም አያመሰግነውም እንጂ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

መጣች። ኢኔሽ ትባላለች። አገሯ ፖርቱጋል። አርባ ቢሆናት ነው። ክንዷ ላይ የብር አምባር ተደርድሯል፤ በተነቃነቀች ቁጥር ይንቃጨላል።

ያላጠፋችው ጥፋት የለም። ዓሣ የተደረበበትን ሱሺ በሩዙ በኩል የሶያ መረቁ ውስጥ ነከረችው፤ ሩዙ ሳህኑ ላይ ተበተነ። ዝንጅብሉን እንደ ሰላጣ ቀድማ ጨረሰች። ይባስ ብላ ከራሷ የመብያ እንጨት ወደ ዶክተር ኡዬሞሪ እንጨት ዓሣ ልታቀብል ዘረጋች! እኛ ዘንድ እንደዚያ የምንቀባበለው ቀብር ላይ የሟች አጥንት ስንለቅም ብቻ ነው። ዶክተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሳህኑን አስጠጋላት። ዕድሜ ለሱ። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከኛ ቤት አይጠፋም። ብዙ አይቷል።

ከዚያ አምባሩ። እጇን ስትዘረጋ ባንኮኒውን ጫረችው። ድምፁን ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ሰማሁ፤ ጥርሴን ነው የፋቀኝ። ሹንሳኩ ጭረቱን አየ። አሁን ጉድ ፈላ አልኩ።

«ምንም አይደል» አላት።

እየሳቀ!

እኔ ሙሽራ ሳለሁ የጋለ ማንቆርቆሪያ አስቀምጬበት ሳምንት ዘግቶኝ ነበር። ምንም አይደል ነው የሚላት? ጠዋት ጠዋት የሚወለውለው ማን ሆነና።

በኋላ ማኬሬል የተባለውን ዓሣ ስታይ ፊቷ በራ። «አባቴ» አለች፣ በኛ ቋንቋ፣ በእጇ መረብ የምትጎትት እየመሰለች። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት ለካ። ሹንሳኩ ቢላውን አስቀመጠ። ሥራ ላይ ቢላውን! የአባቱን ጀልባ አወራት። ኖቶ ባሕር ላይ ማዕበል ይዟቸው፣ ትንሽ ልጅ ሳለ፣ አባቱ የልጁን ወገብ ከራሱ ወገብ ጋር በገመድ አስሮ እስኪነጋ እንደዘፈነለት። በስልኳ አስተርጓሚ በኩል፣ ቀስ እያለ፣ እየቆራረጠ... ባንኮኒው ፊት የተቀመጠው ሁሉ መብላት አቁሞ ሰማው።

እኔም ሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ይሄን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ አማቴ ዘፈን የሚችል ሰው እንደነበር አላወቅኩም።

ቀናሁ። ጽፌ ሳየው ያሳፍራል። ግን ቀናሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሹንሳኩ ፀጉሩን ተቆረጠ። ገና ነበር እኮ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ደግሞ ለምሳ መጣች።

«ማን ነው ወንበር የሰጣት?»

«እኔ። ቅዳሜ ምሳ ይገኛል አልኳት» አለኝ፣ ቢላውን እያየ።

ሩዙን አሳንሶ ነው የሚጨብጥላት። አፏ ትንሽ ነው። አንድ ማታ አይቷት ለየው። እሱ እንደዚህ ነው፤ እንግዳን በአንድ ማታ ያነባል። ማን ግራኝ ነው፣ ማን ዋሳቢው፣ ያ የሚያቃጥለው አረንጓዴ ቅመም፣ ይበዛበታል፣ ማን ዛሬ ከሚስቱ ተጣልቶ መጣ... አይጠይቅም፣ አይናገርም፤ ብቻ ሳህኑ ላይ የሚያርፈው ቁራሽ ለዚያ ሰው የተሠራ ይሆናል። ሰው ከቶኪዮ ድረስ በባቡር የሚመጣው ለዚህ ነው። እንደዚያ መታየት ደስ ይላል መሰለኝ... እኔ ምን አውቄ።

ዓሣ ይሥልላታል። የኖቶን ባሕር ዳርቻ ይሥልላታል። እሷ ደግሞ የሷን መንደር። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰው... እኔ የጨርቅ ቀለም ነካሪ ልጅ ነኝ፣ ባሕር አላውቅም። ጀልባ ላይ ብወጣ ያስመልሰኛል። ይሄ ጥፋት ነው?

ለዶክተሩ ሻይ ወሰድኩ። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«እመቤት፣ ይሄ ሻይ ለኔ የታሰበ ነው? ወይስ አጠገቤ ላለችው ጎረቤቴ ነበር?»

«ምን ሆነ ዶክተር?»

«እንደ እሬት ይመራል። ጥርስ ይነቅላል። ቀድሜ ባገኘው ኖሮ ሥራዬ ምንኛ በቀለለ!»

ሳቄ አመለጠኝ። መጋረጃው ኋላ ስመለስ ግን ሳቁ ጠፋ። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ስትከት አየኋት። ለኔ አንድም ቀን ሥሎልኝ አያውቅም። ለነገሩ ሥዕል መቻሉንም ዛሬ ነው ያየሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቤቱ ዝግ ነው። ሰኞ ያስጠላኛል። እንግዳ ከሌለ ወሬ የለም።

«ምን ልሥራልህ?»

«ያገኘሽውን።»

ኑድል ሠራሁ። በላ። ጋዜጣ አነበበ። ዝናቡን ሰማን። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፦

«አባትህ ምን ነበር የዘፈነልህ?»

ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «የት ሰማሽ?»

«መጋረጃው እኮ ጨርቅ ነው።»

የሚቀጥል መሰለኝ። ጠበቅኩ። ጋዜጣውን መልሶ አነሣው።

«የድሮ ነገር ነው» አለ።

ለሷ አዲስ፣ ለኔ የድሮ። ይሁና!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የትናንቱን አሁን ነው የምጽፈው። 

ኢኔሽ ማታ መጣች። በሩን ስከፍት ክንዷ ሙሉ ሊሊ አበባ... ትልልቅ፣ ነጭ፣ የፈኩ። ሽታው ከሷ ቀድሞ ገባ። በዚያ ላይ ሽቶ ተቀብታለች፣ ብዙ። እየሳቀች አበባውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

ሥራዬ ግልጽ ነበር። ተቀብዬ ጓሮ ባልዲ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ እሷን ወደ መታጠቢያው እወስዳለሁ። እንዴት እንደምላት አውቃለሁ፤ በፈገግታ፣ ሳይከፋት። ለስንቱ አድርጌዋለሁ።

ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁና «ይግቡ» አልኳት።

አበባውን አቅፋ፣ ግራ ገብቷት፣ ገባች።

ቶሎ ታየ። ኮሃዳ ቀርቦ ነበር፣ ያቺ በሆምጣጤ የምትያዘው ብርማ ዓሣ፤ ሹንሳኩ የሚመካባት። ወይዘሮ ካጂታኒ አንድ ጎረሰች። የሻይ ሥርዓት አስተማሪ ናት፤ ከድሮ ጀምሮ የኛ ደንበኛ ናት። እንጨቷን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ለካ ዛሬ አንድ ነገር ረስቻለሁ» ብላ ተነሣች። ምንም አልረሳችም። አፏ ውስጥ ሽቶ ሲገባባት ሌላ ምን ትበል? ሌሎቹ በዝምታ በሉ። ዶክተሩ እንኳ አልቀለደም። ኢኔሽ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም። አበባውን እግሯ ሥር ደብቃ፣ ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች።

ሹንሳኩ እሷን አላየም። እኔን ነው ያየው።

እንግዳው ሲሄድ፦ «አንቺ! በር ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ጉንፋን ይዞኛል። አልሸተተኝም።»

 ከዚያ የተረፈውን ዓሣ መጣል ጀመረ። በእጁ፣ አንድ በአንድ። እንዳግዘውም አልፈለገም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሲያፍሩ ለማየት... ሁለቱም። አዎ፣ ፈልጌ ነበር። ታዲያ ለምንድን ነው ደስታው ያልመጣው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጣፋጭ አስጠቅልዬ ወይዘሮ ካጂታኒ ቤት ሄድኩ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ። ደጃፍ ላይ ተንበረከክሁ። በጉንፋን ምክንያት፣ ሳላስተውል፣ እንዲህ ያለ ነውር... የሚባለውን ሁሉ አልኩ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ፉሳኤ፣ ያንቺን አፍንጫ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ደጅ ቆሜ የፀጉር ቅባቴን አሸትተሽ መልሰሽኛል። በጉንፋን ነበርሽ ያኔ፤ ያስነጥስሽ ነበር።»

መሬት ጭሬ ብገባ ደስታዬ።

«ተነሺ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። እኔም ባል ነበረኝ» አለችና ጣፋጩን ተቀበለችኝ።

እስከ ድልድዩ ድረስ ፊቴ ይቃጠል ነበር። ጃንጥላውን እንኳ አልዘረጋሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከምሳ በኋላ ሹንሳኩ ጋደም ባለበት ሰዓት የጓሮው በር ተንኳኳ። ኢኔሽ ናት። ፀጉሯ እርጥብ፣ ፊቷ ጥርግ ያለ፣ አምባር የለ፣ ሽቶ የለ። አንገቷን ወደ እኔ አስግጋ በጣቷ አፍንጫዋን ነካች። አሽትቺኝ ማለቷ ነው! አሸተትኳት። ሳሙና እንኳ አይሸትም። በውሃ ብቻ ነው የታጠበችው።

ስልኩን አወጣች። የስልኩ ድምፅ የትምህርት ቤት ልጅ ነው የሚመስለው፤ ከዚህች ትልቅ ሴት አፍ የሚወጣ ስለማይመስል ያስቃል። መሳቅ ግን አልቻልኩም።

«አስተምሪኝ» አለ ስልኩ። «ማክሰኞ ማታ ምን እንዳጠፋሁ በኋላ በስልክ ፈልጌ አነበብኩ። ሌሊቱን አለቀስኩ።»

«ሼፉን ለምን አትጠይቂውም?» አልኩ። ክፉ ነኝ አንዳንዴ።

«እሱ ሁሉንም ምንም አይደል ይለኛል። ባንኮኒውን ጫርኩበት፣ ምንም አይደል። ስህተት እሠራለሁ፣ ይስቃል። እንግዳ ስለሆንኩ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ፣ ምን አገባው? አንቺ ግን ፊትሽ ይቆጣል። አይቼሻለሁ። የሚቆጣ ሰው ነው እውነቱን የሚነግረኝ።»

 ያን ሁሉ ቀን «ምንም አይደል» የሚለው ቃል አንጀቴን ሲበላኝ ከርሟል። እሷ ደግሞ ቃሉ እንዳራቃት ነው የምታስበው። ለኔ ይቆጣል፣ ለሷ ይስቃል... ማን ነው ቅርብ? ግን አባቱን የነገረው ለሷ ነው። አላውቅም። አላውቅም።

አስተማርኳት። በዓሣው በኩል፣ ትንሽ ብቻ፣ ሶያ ማስነካት። በእጅ መብላት ነውር አለመሆኑን። የቀረበውን ወዲያው መጉረስ፤ ሱሺ ሲጠብቅ ይሞታል፣ ወሬ ይቆያል። ፎቶ ከፈለገች መጠየቅ። ባንኮኒው ላይ ስልክም ሰዓትም አለማስቀመጥ። ሁሉን ከኔ ጋር እየደገመች፣ የሌለ ሱሺ ስትጎርስ... ጎበዝ ተማሪ ናት፣ መካድ አይቻልም።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «አንቺስ ስትበዪ ሶያውን እንዴት ነው?»

«እኔ እዚያ አልበላም።»

«እንዴት?»

የቤቱ እመቤት በእንግዳ ወንበር አትቀመጥም። ይሄም ይነገራል? ወጥ ቤት ቆሜ ጫፍ ጫፉን፣ የተረፈውን እበላለሁ። እሱ ሥራ ሲለምድ ደግሞ የተበላሸበትን ሁሉ የበላሁ እኔ ነኝ፤ ቀዝቅዞ፣ ደርቆ።

ስልኩን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። የተሳሳተ መስሏት።

«ከእጁ፣ ትኩሱን፣ በልተሽ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

አልሳቀችም። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለችና ስልኩ በዚያ የልጅ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

«አበባው ላንቺ ነበር። ሁሉም ሰው እሱን ያመሰግናል። ሻዩን የምትቀጂው፣ ካፖርቴን ያደረቅሽልኝ አንቺ ነሽ። በር ላይ ስሰጥሽ ግቢ አልሽኝ።»

ሄደች። እኔ የጓሮውን በር ይዤ ቀረሁ። ሩዝ ማጠብ ነበረብኝ፤ ውሃው እስኪፈስ ረሳሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሆቴሉ ደወለ። ለነገ ማታ፣ በወይዘሪት ኢኔሽ ስም፣ ሁለት ሰው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ እኛ ቤት የመጨረሻ ማታዋ ነው።

«ሁለት?» አለ ሹንሳኩ። «ከማን ጋር?»

«አልነገሩኝም።»

ራዲሹን፣ ያን ነጭ ሥር፣ መፈቅፈቅ ጀመረና፦ «ወንድ ነው?»

«አልነገሩኝም አልኩህ እኮ።»

መፈቅፈቂያውን አስቀመጠና «ወንድ ከሆነ ሩዙ ከፍ ይላል፣ ለዚያ ነው» አለ።

ለዚያ ነው! የሚቀናውን ሰው እኔ አላውቀውም? የሱ መቅናት ደግሞ እኔን አስቀናኝ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ምንም እንዳይቀርብኝ።

ኢኔሽ ብቻዋን መጣች። ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ። ዶክተሩ አለ፣ ወይዘሮ ካጂታኒ ተመልሳለች፣ ሌሎቹም ሞልተዋል። ሹንሳኩ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ። የሚያረፍድ እንግዳ ያመዋል።

«ጓደኛሽ?» አላት።

ኢኔሽ ወንበሩን በእጇ መታ መታ አደረገችና ወደ እኔ ጠቆመች።

 እኔ የሻይ ትሪ ይዣለሁ።

«አይሆንም» አለ ሹንሳኩ። ለሷ «አይሆንም» ሲላት የመጀመሪያው ነው። «እሷ ሠራተኛ... የቤቱ ሰው ናት።»

ስልኩ መለሰ፦ «ወንበሩ ተይዟል። የያዝኩት ለሷ ነው። ሁለት ሰው ብያለሁ፣ ተቀብላችኋል።»

እንዲህ ያለ ድፍረት ከኛ ሰው አይወጣም። አለማወቅ ነው፣ ወይም በጣም ማወቅ። ሹንሳኩ ወደ ዓሣው ዞረ። ዓሣው ተዘጋጅቷል፣ ለስምንት ሰው ተቆርጧል።

ዶክተር ኡዬሞሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሼፍ፣ ወንበር ይዞ የቀረ ሰው ዳግም እዚህ ቤት አይገባም ስትል የሰማሁ ይመስለኛል። እመቤት ከቀረች እንግዲህ... መኖሪያ ልትፈልግ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከሹንሳኩ በቀር።

«ሻዩን ማን ይቀዳል?» አለ።

«እኔ» አለና ዶክተሩ ተነሥቶ ትሪውን ከእጄ ነጠቀኝ። ወዲያው ደፋው። ወይዘሮ ካጂታኒ ተነሥታ ከሱ ነጠቀችው። «ተቀመጥ አንተ፣ ይሄ የጥርስ መቦርቦሪያ አይደለም።»

ሽርጤን ፈታሁ። እጄን ታጠብኩ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኩል ሲታይ ሹንሳኩ ረጅም ነው። ለካ ፊቱን ከፊት አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ጀርባውን ነው የማውቀው፣ የአንገቱን መታጠፊያ። ሲጨብጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ቁራሹን ፊቴ አኖረና፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፦

«ይብሉ።»

አንቱ አለኝ! ለእንግዳ እንደሚለው። ሌላ አነጋገር ከዚያ ማዶ አያውቅም መሰለኝ። ጎረስኩ።

ሩዙ ሞቃት ነው። ያንን ሩዝ በየቀኑ የማበስለው እኔ ነኝ፤ ውሃውን፣ እሳቱን፣ ሆምጣጤውን አውቀዋለሁ። አፍ ውስጥ ገብቶ እንደዚያ እንደሚፈታ፣ የሰውነት ሙቀት እንዳለው ግን አላውቅም ነበር። ለሌላ ሰው አፍ ነዋ ስሠራው የኖርኩት።

«እንዴት ነው?» አለ። እንግዳን ጠይቆ አያውቅም።

እውነቱን ልንገረው? እንግዳ ነኝ አይደል?

«ሩዙ በዛብኝ» አልኩት።

 ሹንሳኩ እጁን አየ፣ እኔን አየ። ሁለተኛውን አሳንሶ ጨበጠ። «አሁንስ?» አሁንም በዛ። ሦስተኛውን አሳነሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ለዚያች ሴት በአንድ ማታ የለየውን...

«ዋሳቢ ይወዳሉ?»

«አታውቅም?»

እንዲህ ብዬ በሰው ፊት መጠየቄን አሁን ስጽፈው ያስደነግጠኛል። ቢላውን አስቀመጠ። ይናደዳል አልኩ።

«አላውቅም» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ አንቱታውን ትቶ። «ፉሳኤ፣ አላውቅም። የሁሉንም አውቃለሁ። ያንቺን አላውቅም።»

ብዙ ዋሳቢ እንደምወድ ነገርኩት። ስኩዊድ እንደማልወድ። ከሁሉ ከሁሉ ኮሃዳ እንደምወድ፤ ተርፎ ስለማያውቅ ጫፉን ብቻ እንደቀመስኩ።  ኮሃዳዋን ሲጨብጥ እንደዚያ ተጠንቅቆ አይቼው አላውቅም። ሰጠኝ። በላሁ። ሌላ ሰጠኝ። አጠገቤ ኢኔሽ መኖሯን የረሳሁት ያኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ኢኔሽ በጠዋቱ ባቡር ሄደች። ጣቢያው ላይ እጅ ነሣኋት፤ እሷ አቀፈችኝ፣ ሰው እያየ። ልብሴ ተጨማደደ። ሽቶ ተቀብታ ነበር ዛሬ... መብቷ ነው፣ ባቡር ውስጥ ዓሣ የለም።

ቅናቴ አብሯት ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። ትንሽ ቀርቷል፣ እዚሁ ደረቴ ላይ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ዝናቡ አቆመ። ጠዋት ባንኮኒውን ስወለውል ሹንሳኩ ከገበያ ተመልሶ አጠገቤ ቆመ። በረዶ አላለም፣ ሩዝ አላለም። 

«ያን ቀን ጉንፋን አልያዘኝም ነበር» አልኩት፣ ጨርቁን ሳላቆም። «ሽታው በደንብ ገብቶኛል። አውቄ ነው ያስገባኋት።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት አወቅክ?»

«ያን ማታ እንግዳው ሳይመጣ ሩዙን አሽትተሽ ሆምጣጤው ትንሽ አነሰ አልሽኝ። ትክክል ነበርሽ። በታፈነ አፍንጫ ይሄ አይለይም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ለምን አደረግሽው ብዬ መጠየቄ ነው። መልሱን ፈራሁት።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

 ዓሣውን ካኖረበት ሳጥን ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ለምን አደረግሽው?»

«ቀንቼ።»

ጆሮው ቀላ። ወደ ቢላዎቹ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደም። ወንበር ስቦ በእንግዳው በኩል ተቀመጠ።

«እኔስ?» አለ።

«አንተ ምን?»

«ለኡዬሞሪ የምትስቂውን ሳቅ አንድ ቀን ለኔ ስቀሽልኝ ታውቂያለሽ? ሻይ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ አንድ ነገር ይልሻል፣ ትስቂያለሽ። ዓሣ እየቆረጥኩ እሰማለሁ። ወደ እኔ ስትመለሺ ፊትሽ ጥፍት ይላል። ስንት ዓመት!»

«ዶክተሩ? ሰማንያ ሊሞላው እኮ ነው!»

«ቢሞላውስ? ሚስት የለውም።»

ጨርቁን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ሊቆይ ሞከረ፣ ከዚያ እሱም አልቻለም።

ዶክተሩ ዛሬ ማታ ይመጣል። ሹንሳኩ ከአሁኑ አስታውቆኛል፤ የዶክተሩን ሻይ የሚቀዳው እሱ ራሱ ነው።